ቁጥሬ ከባልደረባዬ አነሰ፤ ስሜን በእሱ ጽሑፍ ላይ ላስገባ?

ውድ አማካሪ፣

በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ትምህርት ክፍል ረዳት ፕሮፌሰር ነኝ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከእኔ ጋር በአንድ ሰሞን የተቀጠረና በሕክምና ሥነ ሕይወት ዘርፍ የሚመራመር የቅርብ ወዳጅ አለኝ፤ ዘንድሮ ሁለታችንም ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት ለማመልከት እየተዘጋጀን ነው። የማመልከቻው ቅጽ ያሳተምናቸውን ጽሑፎች ብዛት፣ በሌሎች ተመራማሪዎች የተጠቀሱበትን ድምርና ኤች ኢንዴክሳችንን (የጽሑፎችን ብዛትና የተጠቀሱበትን ጊዜ በአንድ ቁጥር የሚያጣምረውን መለኪያ) በአንድ ሠንጠረዥ እንድናሰፍር ያዛል። ማመልከቻውን የሚመረምረው ኮሚቴ ከሁሉም ፋኩልቲዎች የተውጣጣ ሲሆን፣ ከአባላቱ መካከል የሒሳብ ሰው አንድም የለም።

የወዳጄ ሠንጠረዥ 61 ጽሑፎችና 19 ኤች ኢንዴክስ ይላል። የእኔ 13 ጽሑፎችና 5 ይላል። ከጽሑፎቼ አንዱ 88 ጊዜ ተጠቅሷል፤ ተከታዮቹ 31፣ 14፣ 9፣ 6 እና 5 ጊዜ ሲሆኑ፣ የቀሩት ከዚያ በታች ናቸው። ባለፉት ሦስት ዓመታት ደግሞ ምንም አላሳተምኩም፤ በአንድ አስቸጋሪ ችግር ተይዤ ቆየሁ፣ የማስተማር ጫናዬም ከባድ ነበር። ሠንጠረዡን ሞልቼ ሳየው «ይህን ሁሉ ዓመት ምን ስሠራ ኖርኩ?» የሚል ኀፍረት ያዘኝ።

ለወዳጄ ሳዋየው፣ «ለምን ትጨነቂያለሽ? ለመጽሔት ልልካቸው የደረሱ ሁለት ጽሑፎች አሉኝ፤ ስታቲስቲክሱን አንድ ጊዜ አየት አድርጊልኝና ስምሽን አስገባዋለሁ። አንቺም በሚቀጥለው ሥራሽ ሁለት ሦስት ጽሑፎቼን ጥቀሺልኝ፤ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው» አለኝ። በቅንነት እንዳለው አውቃለሁ። እምቢ ብለው ቅር ይለዋል፤ እሺ ብለው ደግሞ ውስጤ አይቀበለውም። ማመልከቻው የሚገባው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ምን ይመክሩኛል?

የሒሳብ መምህርቷ

ውድ ጠያቂያችን፣

ከወዳጅዎ ግብዣ በፊት ስለ ሠንጠረዡ ብንነጋገር ይሻላል፤ ግብዣውን የሚያጓጓም የሚያስጨንቅም ያደረገው እሱ ነውና። ኀፍረት የተሰማዎት ሥራዎን መለስ ብለው አንብበው ደካማ ሆኖ ስላገኙት ነው ወይስ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ስለተቀመጡ? ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት ሁለተኛው ይመስለኛል። ጽሑፎችዎ ስለ ምን እንደሆኑ አንድም ቦታ አልነገሩኝም፤ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ ግን አንድ በአንድ ቆጥረው ልከውልኛል።

እርስዎ የሒሳብ ሰው ስለሆኑ ኤች ኢንዴክስን ላስተምርዎ አልነሣም፤ ነገር ግን በራስዎ ዝርዝር ላይ ቢሞክሩት ምን ያህል ደንታ ቢስ መለኪያ እንደሆነ ያያሉ። የእርስዎ 5 ማለት እያንዳንዳቸው ቢያንስ 5 ጊዜ የተጠቀሱ 5 ጽሑፎች አሉዎት ማለት ብቻ ነው። 88 ጊዜ የተጠቀሰው ጽሑፍዎ ነገ 880 ጊዜ ቢጠቀስ 5ቱ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ስድስተኛውን ጽሑፍዎን ግን አንድ የማያውቁት ሰው በግርጌ ማስታወሻ ሳይቀር ቢጠቅሰው ኢንዴክስዎ ወደ 6 ይወጣል። በሌላ አነጋገር፣ ሠንጠረዡ ምርጥ ሥራዎን ከአምስቱ እንደ አንዱ ቆጥሮት ያልፋል፤ ኮሚቴው ሊያየው የሚገባው ግን ምናልባት ከሁሉ በላይ እሱን ነው።

መለኪያውን እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረቡት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ የፊዚክስ ተመራማሪ የሆኑት ሆርሄ ሂርሽ ናቸው። በዚያው የመጀመሪያ ጽሑፋቸው ላይ ከፊዚክስ ሊቃውንት ከፍተኛው የኤድዋርድ ዊተን 110 ሲሆን፣ በሕይወት ሳይንስ ቀዳሚ የሆኑት የሰለሞን ስናይደር 191 እንደነበር አስፍረዋል። ዊተን እ.ኤ.አ. በ1990 የሒሳብ ሰዎች ታላቅ ሽልማታቸውን የፊልድስ ሜዳሊያን የሸለሟቸው ሰው ናቸው፤ ከስናይደር ግማሽ በመጠኑ የሚበልጥ ቁጥር ስላላቸው ግማሽ ሊቅ ናቸው ያለ የለም። የዘርፎች ልማድ ስለሚለያይ ቁጥሮቹ በቀጥታ እንደማይነጻጸሩ መለኪያው ገና ሲወለድ ይታወቅ ነበር ማለት ነው። ሂርሽ ራሳቸውም ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ ያልታሰበ ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል በግልጽ ጽፈዋል።

በእርስዎና በወዳጅዎ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ከፊዚክስና ከሕይወት ሳይንስ ልዩነትም የሰፋ ነው። ዓለም አቀፉ የሒሳብ ኅብረት ከተግባራዊ ሒሳብና ከስታቲስቲክስ ማኅበራት ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ሪፖርት፣ በሕይወት ሳይንስ አንድ ጽሑፍ በአማካይ የሚጠቀስበት ብዛት ከሒሳቡ በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ከዚህም በላይ፣ በሒሳብ አንድ መጽሔት ከሚጠቀስባቸው ጊዜያት ከ90 በመቶ የሚበልጡት ኢምፓክት ፋክተር የተባለው የመጽሔቶች መለኪያ ከሚቆጥረው የሁለት ዓመት መስኮት ውጭ እንደሚወድቁ ጠቅሷል። ምክንያቱ ለእርስዎ አዲስ አይሆንም፤ በሒሳብ የአንድ ጽሑፍ የዋቢ ዝርዝር አጭር ነው፣ ጸሐፊዎቹ ጥቂት ናቸው፣ አንድን ማረጋገጫ ለማጣራት ገምጋሚዎች ከዓመት በላይ ሊወስዱ ይችላሉ። በወዳጅዎ ዘርፍ አንድ ቤተ ሙከራ በርካታ ሰዎችን ያሰማራል፣ አንዱ ጽሑፍ ለብዙ ሌሎች ጽሑፎች ግብዓት ይሆናል፣ መጽሔቶቹም ፈጣን ናቸው። ይህን የምለው የወዳጅዎን 19 ለማሳነስ አይደለም። በላባቸው ያገኙት ሊሆን ይችላል፤ የእርስዎን 5 ለመመዘን ግን አይጠቅምም።

አሁን ወደ ግብዣው ልምጣ። ባልደረባዎ ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ ጠቅልለው ነው ያቀረቡልዎት፤ ለየብቻ ቢያዩዋቸው መልሱ የሚቀልልዎት ይመስለኛል። የመጀመሪያው የስታቲስቲክስ ሥራ ነው፤ ይህ በራሱ ምንም ነውር የለበትም፣ እንዲያውም መልካም ትብብር ሊሆን ይችላል። ጥያቄው «አየት ማድረግ» ምን ያህል ሥራ ነው የሚለው ነው። የወዳጅዎ መጽሔቶች በአብዛኛው የሚከተሉት የዓለም አቀፉ የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች ኮሚቴ መመሪያ ለጸሐፊነት አራት ነገሮችን በአንድነት ይጠይቃል፤ በጥናቱ ንድፍ፣ በመረጃው ወይም በትንታኔው ጉልህ አስተዋጽኦ ማድረግን፣ ጽሑፉን መጻፍን ወይም ጥልቅ እርማት መስጠትን፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅንና ለሥራው ተጠያቂ መሆንን። ከዚህ በታች ያለ እገዛ በምስጋና ክፍል ውስጥ ይጠቀሳል እንጂ ስምን ከርዕሱ ሥር አያስገባም። ስለዚህ ራስዎን አንድ ነገር ይጠይቁ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ አንባቢ የትንታኔው ስሌት ስሕተት አለበት ብሎ ለመጽሔቱ ቢጽፍ፣ መልሱን ጽፈው ሊፈርሙ ይችላሉ? ከቻሉ፣ ማለትም መረጃውን ተቀብለው ስሌቱን ከመነሻው ለመሥራት ጊዜም ፍላጎትም ካለዎት፣ እሺ ይበሉ። ባልደረባዎስ ትንታኔው የተሳሳተ ሆኖ ቢያገኙት ጽሑፉን ለማዘግየት ፈቃደኛ ናቸው? ይህንንም ሳይጠይቁ አይግቡ።

ሁለተኛው ነገር የጥቅስ ልውውጡ ነው፤ በዚህ ላይ ግን ሐሳቤን ሳልሸፋፍን ልንገርዎ፣ አይቀበሉት። በሒሳብ ጽሑፍ ውስጥ ሰበብ የሌለው የሕክምና ጥናት ሲጠቀስ ገምጋሚው ወዲያው ያየዋል፤ በትንሽ ዘርፍ ውስጥ ጥቂት ያለ ቦታቸው የገቡ ጥቅሶችም ጎልተው ይታያሉ። ዌብ ኦፍ ሳይንስ የተባለውን የጥቅሶች የመረጃ ቋት የሚያስተዳድረው ክላሪቬት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2023 በብዛት የተጠቀሱ ተመራማሪዎችን ዝርዝር ሲያወጣ የሒሳብን ዘርፍ ጨርሶ ያስቀረው፣ በዘርፉ የጥቅስ ቁጥር ዝቅተኛ ስለሆነ ጥቂት ሰዎች በመመሳጠር ውጤቱን ሊያዛቡት ስለሚችሉ ነበር። የራስዎ ሙያ እንዲህ ባለ ጥርጣሬ ውስጥ ባለበት ወቅት፣ ሙሉ በሙሉ ንጹሕ የሆነውን 88ዎን ለጥያቄ የሚያጋልጥ ነገር ውስጥ መግባት አይበጅዎትም።

ከሥነ ምግባሩ ሌላ፣ ነገሩ ለተፈለገበት ዓላማም አይጠቅምም። ባልደረባዎ ለመላክ የተዘጋጁባቸው ሁለት ጽሑፎች በስድስት ሳምንት ውስጥ ተገምግመው ቢታተሙ እንኳ፣ ይህም አጠራጣሪ ነው፣ ገና ማንም አልጠቀሳቸውም፤ 13ቱን 15 ያደርጉ ይሆናል፣ 5ቱን ግን አይነኩትም። የእርስዎ ውለታ ደግሞ ከፍ የሚያደርገው የእሳቸውን ቁጥር ነው። እንዲህ ያለውን ስሌት ከእኔ ይልቅ እርስዎ በቶሎ ሊያዩት ይገባ ነበር፤ ኀፍረት ግን የሒሳብ ሰውንም ቢሆን ከመቁጠር ያግደዋል።

ቅሬታው ያሳስብዎታል፤ ይገባኛል። ወዳጅዎ ያቀረቡት ሐሳብ ክፉ ሰው የሚያቀርበው ዓይነት አይደለም፤ ሲጨነቁ አይተው በቅርባቸው ያገኙትን ነገር ነው የዘረጉልዎት። ስለዚህ መልስዎ ወቀሳ እንዳይመስል፣ ስለ «ሰው ሁሉ» ሳይሆን ስለ ራስዎ ቢናገሩ ጥሩ ነው። ለምሳሌ፣ «ስላሰብክልኝ አመሰግናለሁ። ስሜ የሚገባበትን ሥራ በሚገባ ሠርቼ ማስገባት ነው የምፈልገው፤ ለሚቀጥለው ጥናትህ ከንድፉ ጀምሮ ብታማክረኝ ደስ ይለኛል። ለአሁኑ ማመልከቻ ግን የምትረዳኝ ከሆነ፣ የምጽፈውን አንድ ገጽ አንብበህ ሒሳብ የማያውቅ ሰው ይገባው እንደሆነ ንገረኝ» ሊሏቸው ይችላሉ። ይህ የመጨረሻው ልመና ለይስሙላ የተጨመረ አይደለም። የኮሚቴው አባላት እንደ ወዳጅዎ ያሉ፣ በሙያቸው የበቁ ነገር ግን የሒሳብን ልማድ የማያውቁ ሰዎች ናቸውና ከእሳቸው የተሻለ የሙከራ አንባቢ አያገኙም።

ያ አንድ ገጽ የስድስቱ ሳምንታት ዋና ሥራዎ እንዲሆን እመክርዎታለሁ። ከመጻፍዎ በፊት ግን ቁጥሮቹ ራሳቸው ትክክል መሆናቸውን ያጣሩ። 5 የሚለውን ከየት አገኙት? ጎግል ስኮላር የመመረቂያ ጽሑፎችንና ገና በመጽሔት ያልወጡ ረቂቆችን ጭምር ስለሚቆጥር ብዙውን ጊዜ ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል፤ ስኮፐስና ዌብ ኦፍ ሳይንስ መርጠው ያስገቧቸውን ኅትመቶች ብቻ ይቆጥራሉ። የወዳጅዎ 19 ከአንዱ፣ የእርስዎ 5 ከሌላው የመጣ ከሆነ ንጽጽሩ ገና ከመነሻው የተበላሸ ነው። ስምዎ በላቲን ፊደል በተለያየ አጻጻፍ ታትሞ ከሆነም ሥራዎችዎ በሁለት ሰው ስም ተከፍለው ሊሆን ይችላል፤ ይህ ብዙ ሰው የሚደርስበት ነገር ነው። በስኮፐስ ላይ የተከፈሉ መዝገቦች እንዲዋሐዱ ማመልከት ይቻላል። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ለተመራማሪዎች በነጻ የሚሰጠውን ባለ 16 አኃዝ የኦርኪድ መለያ ካላወጡም ዛሬውኑ ያውጡ። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ለሁሉም ክፍት የሆነውን የሒሳብ ጽሑፎች የመረጃ ቋት፣ ዜድቢማትንም ይመልከቱ፤ ስድስተኛ ጽሑፍዎ እዚያ ወይም ሌላ ቦታ 6 ጊዜ ተጠቅሶ ቢያገኙት አይደነቁ። በቅጹ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ ምንጩንና የተወሰደበትን ቀን ይጻፉ።

በገጹ ላይ ከሁሉ አስቀድሞ 88 ጊዜ ስለተጠቀሰው ጽሑፍ ይጻፉ። ምን አረጋገጡ? ከዚያ በፊት ምን አይታወቅም ነበር? ከጠቀሱት መካከል አሥር ያህሉን ያውጡና እንዴት እንደጠቀሱት ያንብቡ፤ ውጤትዎን መነሻ አድርገው የራሳቸውን ማረጋገጫ የገነቡትን፣ እግረ መንገዳቸውን ስም ጠርተው ካለፉት ለይተው ያስቀምጡ። «እከሌ የተባለው ችግር የተፈታው በዚህ ውጤት ላይ ተመሥርቶ ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ኮሚቴው ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሥራዎ እንዲያስብ ያደርገዋል። የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት የስኮፐስ አገልግሎት ካለው፣ ጽሑፍዎ በዚያው ዓመትና በዚያው ዘርፍ ከወጡ መሰል ጽሑፎች አንጻር ያለበትን ደረጃ እንዲያወጡልዎት ባለሙያዎቹን ይጠይቋቸው። በዚህ ስሌት 1 ማለት የዓለም አማካይ ነው፤ በሒሳብ 88 ጊዜ መጠቀስ ከአማካዩ በብዙ ከፍ ብሎ ቢገኝ አይገርመኝም፣ ሆኖም አይተው እንጂ ገምተው አይጻፉ።

ሌላ በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አለ። በወዳጅዎ ዘርፍ ከጸሐፊዎች ዝርዝር መጀመሪያ የሚገኘው ስም ሥራውን የሠራው ሰው ነው፣ መጨረሻ ያለው የቤተ ሙከራው ኃላፊ ነው፣ መሐል ያሉት ረዳቶች ናቸው። በሒሳብ ግን ስም የሚሰፈረው በፊደል ተራ ነው፤ የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበርም ይህን ልማድ የሚገልጽ መግለጫ እ.ኤ.አ. በ2004 አውጥቷል። የእርስዎ ስም በሦስት ሰዎች መሐል ከወደቀ፣ የሕክምና ፋኩልቲ አባል ረዳት ነበሩ ብሎ ሊያነብበው ይችላል። አንድ መስመር ማብራሪያ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ገጹ ሲያልቅ ወደ ኮሚቴው ሰብሳቢ ይሂዱ፤ ለአቤቱታ ሳይሆን ለጥያቄ። ተያያዥ ማብራሪያ ማስገባት ይፈቀድ እንደሆነ፣ ከዘርፉ የሆኑ የውጭ ገምጋሚዎች ይጠየቁ እንደሆነና አመልካቾች የሚነጻጸሩት ከዘርፍ እኩዮቻቸው ጋር እንደሆነ ይጠይቁ። የሚደግፍዎት ጽሑፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ምርምር ምዘና የወጣው የላይደን ማኒፌስቶ ከአሥር መርሆዎቹ መካከል የሚገመገመው ሰው መረጃውን እንዲያጣራ ዕድል መስጠትን፣ የዘርፎችን ልዩነት ከግምት ማስገባትንና ግለሰብን ሥራውን አንብቦ መመዘንን ያካትታል። ዩኒቨርሲቲዎ እ.ኤ.አ. በ2012 በተደረገ ስብሰባ የተጠነሰሰውንና ተመራማሪን በመጽሔት መለኪያ መመዘንን የሚቃወመውን የሳን ፍራንሲስኮ የምርምር ምዘና መግለጫ ፈርሞ ከሆነ ይመልከቱ፤ ከፈረመ ያስታውሷቸው፣ ካልፈረመ ዶሴ ይዘው አይከራከሯቸው፣ ጥያቄው ብቻ ይበቃል። ኮሚቴው ከዚህ ሁሉ በኋላም ቁጥሩን ብቻ አይቶ ሊወስን ይችላል። ያ ከሆነ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ለሚቀጥለው ዙር የሚያስፈልግዎት እሱ ነው።

ያልተመቸኝ አንድ ነገር ግን አለ፤ ሦስቱ ዓመታት። እስካሁን ያልነው ሁሉ ስለ እነሱ መልስ አይሰጥም፤ ከዘርፍዎ የሆነ ገምጋሚም ቢሆን ይጠይቅዎታል። የሒሳብ ሊቁ ግሪጎሪ ፔሬልማን የፖይንካሬ ግምት የተባለውን ዝነኛ የሒሳብ ችግር ያረጋገጡባቸውን ሦስት ጽሑፎች እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2003 አርካይቭ በተባለው የረቂቆች ድረ ገጽ ላይ አኑረው በመጽሔት ሳያሳትሟቸው መቅረታቸው በሒሳብ ሰዎች ዘንድ ደጋግሞ ይነሣል፤ እባክዎ እንዲህ ያለውን ታሪክ ማመልከቻዎ ውስጥ አያስገቡት፣ አንባቢውን ያስቆጣል እንጂ አያሳምነውም። ይልቁንስ ችግሩ የት ደርሷል? ለብቻው ሊቆም የሚችል ንዑስ ውጤት፣ የተረጋገጠ ልዩ ሁኔታ ወይም ያልሠራ መንገድ ለምን እንዳልሠራ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኙም? ካገኙ፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ተመራማሪዎች ረቂቆቻቸውን በሚያኖሩበት በአርካይቭ ላይ በእነዚህ ሳምንታት ሊያወጡት ይችላሉ፤ በማመልከቻው ላይም «በግምገማ ላይ ያለ» ወይም «ረቂቅ» ተብሎ በግልጽ ይቀመጣል። የማስተማር ጫናዎንም በሰዓትና በኮርስ ብዛት ይግለጹት፤ ሳይጻፍ የቀረን ነገር ኮሚቴ አያስብበትም። ምንም የሚወጣ ነገር ከሌለ፣ ችግሩን ለጊዜው ከጎን አኑረው አነስ ወዳለ ጥያቄ መመለስ ይገባዎ እንደሆነ ከሚያምኑት የዘርፍዎ ሰው ጋር ይመካከሩ። ይህን ውሳኔ የማዕረጉ ማመልከቻ እንዲወስንልዎት ግን አይፍቀዱ።

ለወዳጅዎ የሚሰጡትን መልስ በዚህ ሳምንት ቢጨርሱት መልካም ነው። ጽሑፎቹ ለመላክ የደረሱ ናቸውና ዝምታዎን እንደ እሺታ ቆጥረው ስምዎን ሊያስገቡት ይችላሉ፤ ከተላከ በኋላ ስም ማስወጣት ደግሞ የሁሉንም ጸሐፊዎች ፊርማ የሚጠይቅና ለሁለታችሁም የሚያሳፍር ጣጣ ነው።